ከአንድ ዑደት ስንት ድምፅ ይወጣል? ስለ ዌቭቴብል ሲንተሳይዘር የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ዌቭቴብል ስለሚባለው፣ የሞገድን ቅርፅ በቁጥር ሠንጠረዥ አስቀምጦ ደጋግሞ በማንበብ ድምፅ ስለሚያወጣው አሠራር ይጠይቃሉ። ተመሳሳዮቹን አዋህደን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረናል። ቁጥር የሚሰለቸው አንባቢ ከባቲ የመጣውን ጥያቄ ቀድሞ ቢያነብ ይሻለዋል።

ከደሴ

«ኪቦርድ እየተማርኩ ነው። ቫይታል የሚባለውን ድምፅ ፈጣሪ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) በነፃ አውርጄ ላፕቶፔ ላይ ጭኛለሁ። ኦሲሌተሩ (ሞገድ የሚያመነጨው ክፍል) ላይ መስመሮች እንደ ተራራ ተደርድረው ይታያሉ። ምንድን ናቸው? ቁልፍ ስጫንስ ውስጥ ምን ይካሄዳል?»

መልስ፦ የሚያዩት የቁጥር መዝገብ ነው። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ድምፅ አንድ ዑደት ብቻ ይዟል፤ ሞገዱ ከዜሮ ተነሥቶ፣ ወጥቶ፣ ወርዶ ተመልሶ ዜሮ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ቅርፅ ማለት ነው። በቫይታልም ሆነ ሰረም በሚባለው ፕለጊን ይህ ዑደት በ2048 ነጥቦች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ነጥብ ከ−1 እስከ +1 ባለው ክልል ውስጥ ያለ ቁጥር ነው።

ቁልፉን ሲጫኑ ፕሮግራሙ እነዚህን ነጥቦች እንደ መቁጠሪያ ዙሪያውን ይቆጥራቸዋል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሳያርፍ ወደ መጀመሪያው ያልፋል። በሰከንድ ብዙ ጊዜ ከዞረ ድምፁ ቀጭን ይሆናል፤ ጥቂት ጊዜ ከዞረ ወፍራም። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ቁጥር ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልክበት ፍጥነት ቋሚ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 44100 ጊዜ። ስለዚህ ፍጥነቱ የሚለወጠው በእያንዳንዱ ጊዜ ስንት ነጥብ እንደሚዘለል በመወሰን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚፈለገውን ኸርዝ (በሰከንድ ያለውን የዑደት ብዛት) በ2048 አባዝቶ ለ44100 ማካፈል። ለ440 ኸርዝ 20.43 ይመጣል። ለ220 ኸርዝ የዚያ ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ ግን 20.43ኛ ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ጥሩ ፕሮግራም 20ኛውን ነጥብ በ0.57፣ 21ኛውን በ0.43 አባዝቶ ይደምርና በሁለቱ መካከል ያለውን ዋጋ ያሰላል። ይህን ትቶ ሁልጊዜ 20ኛውን ቢያነብ እያንዳንዱ ንባብ ትንሽ ይሳሳታል፤ ስህተቱም በድምፁ ላይ ሻካራ ሹክሹክታ ሆኖ ይሰማል። በርካሽ መሣሪያዎችና በአንዳንድ የስልክ አፕሊኬሽኖች ላይ ወፍራም ድምፅ ሲያዝ ከጀርባው የሚሰማው ሽርታ አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

እስካሁን ያልነው አዲስ አይደለም። ማክስ ማቲውስ በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ኮምፒውተር ሙዚቃ እንዲያሰማ ካደረገ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በሠንጠረዥ የተቀመጠን ዑደት ደጋግሞ ማንበብ የዲጂታል ድምፅ መሠረት ሆኗል። ችግሩ አንድ ዑደት ብቻ ሲደጋገም ድምፁ ድርቅ ብሎ መቅረቱ ነው፤ አምስት ሰከንድ ቢይዙትም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ነው። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ፓልም በሃምቡርግ ባቋቋመው ፒፒጂ ኩባንያ ያመጣው ለውጥ ዑደቶቹን በተርታ አስቀምጦ፣ ቁልፉ ተይዞ እያለ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲንሸራተቱ ማድረጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ፒፒጂ ዌቭ 2 በአንድ ሠንጠረዥ 64 ቦታዎች ነበሩት፤ ነጥቦቹ ባለ 8 ቢት ሆነው፣ ከኋላ ያለው ፊልተር (ከድምፁ ከፊሉን የሚቀንሰው ክፍል) ግን አናሎግ ነበር። የዚያ ዘመን መሣሪያ ዛሬም የሚፈለግበት ብርድ ብርድ የሚል ድምፅ ከዚህ ቅልቅል የመጣ ነው። በዛሬዎቹ ፕለጊኖች አንድ ሠንጠረዥ እስከ 256 ፍሬም፣ ማለትም ዑደት፣ ይይዛል።

ስለዚህ የተደረደሩት መስመሮች ፍሬሞቹ ናቸው። የትኛው እየተነበበ እንዳለ የሚወስነው ፍሬም ወይም ፖዚሽን የተባለው መቆጣጠሪያ ነው። ለመስማት አንድ ወፍራም ቁልፍ ይዘው ይህን ብቻ በእጅዎ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ፊልተሩን፣ ሪቨርቡን (የማስተጋቢያ ኤፌክቱን)፣ ሁሉንም ያጥፉ። የድምፁ ቁመት (ቅጥነቱና ውፍረቱ) አይለወጥም፤ ጠባዩ ግን ይለወጣል። ከዚያ በእጅ ያደረጉትን ለኤንቨሎፕ (ቁልፉ ሲነካ ተነሥቶ ለሚወርድ መቆጣጠሪያ) ወይም ለኤልኤፍኦ (ቀስ ብሎ ለሚወዛወዝ መቆጣጠሪያ) ያስረክቡ። ፊልተር ያለውን ይቀንሳል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ፖዚሽን ግን ሦስተኛውን ሃርሞኒክ (የመነሻው ድምፅ ሦስት እጥፍ የሆነውን) አጥፍቶ በዚያው ቅጽበት ዘጠነኛውን ሊያስነሣ ይችላል፤ የዌቭቴብል ሀብቱ እዚህ ላይ ነው።

ከወልድያ

«ያለኝ ያማሃ ፒኤስአር ኪቦርድ ነው። ሻጩ “ይሄም ዌቭቴብል ነው” ብሎኛል። እውነት ነው?»

መልስ፦ አይደለም። በፒኤስአር ኪቦርዶች ውስጥ ያለው ኤደብልዩኤም የተባለው አሠራር የተቀዳ ድምፅ መልሶ የሚያጫውት ነው፤ የፒያኖው መዶሻ ከሚመታበት ቅጽበት ጀምሮ ረዘም ያለ ቅጂ በማስታወሻው ውስጥ አለ፤ ቁልፉ ሲያዝ የቅጂው ጭራ ይደጋገማል። ሻጩም ዝም ብሎ አላወራም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኮምፒውተር ሳውንድ ካርዶች፣ ለምሳሌ ሳውንድ ብላስተር ኤደብልዩኢ32፣ ይህንኑ የቅጂ አሠራር ዌቭቴብል እያሉ ነው የተሸጡት። መለያው ቀላል ነው። ድምፁ ተይዞ ሳለ የሞገዱን ቅርፅ ፍሬም በፍሬም የሚያንቀሳቅስ መቆጣጠሪያ ካለ ዌቭቴብል ነው፤ ከሌለ አይደለም። ለሠርግና ለመድረክ አጃቢነት ግን ፒኤስአሩ የተሻለ ነው፤ በዚህ ምክንያት አይሽጡት።

ከሐይቅ

«የማሲንቆ ድምፅ ቀድቼ ወደ ዌቭቴብል ልለውጠው ሞከርኩ። የወጣው ድምፅ ማሲንቆ አይመስልም፤ እንደ ንብ ይጮኻል፤ ፖዚሽኑን ሳንቀሳቅስ ደግሞ መሐል ላይ ይጠፋል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ የጠቀሷቸው ሦስት ችግሮች ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች አሏቸው፤ ከቀረጻው እንጀምር።

ማሲንቆውን በአንድ ጣት ቦታ ላይ፣ ጣት ሳይንቀጠቀጥና ሳይንሸራተት፣ በአንድ ረጅም የደጋን ስበት ከ4 እስከ 5 ሰከንድ ያስጫውቱ። ማይክሮፎኑ ከቆዳው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ ሞኖ (አንድ ቻናል)፣ በሰከንድ 44100 ነጥብ፣ 24 ቢት ይሁን። ስበቱ ለስለስ ብሎ ተጀምሮ እየጠነከረ ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ፍሬሞቹ የሚለያዩት በዚያ ነውና። በክረምት በቆርቆሮ ጣራ ሥር አይቅዱ። የዝናቡ ጩኸት ብቻ አይደለም ችግሩ፤ እርጥበት ሲገባው ቆዳው ይላላል፤ ቅኝቱም በአንድ ስበት መካከል ሳይቀር ሊወርድ ይችላል። የዚህን ጉዳት አሁን እናያለን።

ማሲንቆው 220 ኸርዝ ላይ ተጫውቷል እንበል። በ44100 ቀረጻ አንድ ዑደት 200 ነጥብ ያህል ነው፤ ፕለጊኑ የሚፈልገው 2048 ነው። 2048 ነጥብ ያለው ዑደት በ44100 ሲጫወት 21.53 ኸርዝ ይሆናል። ስለዚህ ቀረጻውን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ፍጥነትንና ቁመትን አብሮ በሚቀይረው ትእዛዝ በ21.53 ÷ 220፣ ማለትም በ0.0979 ያዝግሙት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ 2048 ነጥብ አንድ ሙሉ ዑደት ይሆናል ማለት ነው።

ይሆናል የምንለው ግምቱ ትክክል ከሆነ ነው። ማሲንቆው በእውነት ሲጫወት የነበረው 222.2 ኸርዝ ከነበረ ስህተቱ 1 ከመቶ ነው፤ ትንሽ ይመስላል። በእያንዳንዱ ዑደት ግን የመቁረጫው ቦታ 20 ነጥብ ያህል ይንሸራተታል፤ ከ50 ዑደት በኋላ 1024 ነጥብ፣ ማለትም ግማሽ ዑደት ይደርሳል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ፍሬም ሽቅብ ሲጀምር ሃምሳኛው ቁልቁል ይጀምራል። ፕለጊኑ በሁለቱ መካከል ለመሸጋገር ሲደምራቸው አንዱ የሌላውን ያጠፋል። መሐል ላይ ድምፁ የሚጠፋብዎት ለዚህ ነው። የላላ ቆዳም በስበቱ መካከል ቁመቱን ካወረደ ይህንኑ ያደርጋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ቀላሉ ያልተዘገመውን ፋይል በቀጥታ ቫይታል ላይ መጎተትና ከሚቀርቡት አማራጮች ፒች ስፕላይስ የሚለውን መምረጥ ነው፤ ፕሮግራሙ ቁመቱን እየተከታተለ ራሱ ይቆርጣል። ለንጹሕ ቀረጻ በደንብ ይሠራል። ሁለተኛው በእጅ መቁረጥ ነው፤ እኛ ይህን እንመርጣለን፣ ምክንያቱም ሁሉም ዑደት አያስፈልግም። በ4 ሰከንድ ውስጥ 880 ዑደት አለ፤ 16 ከተመረጡ በቂ ነው። በየ55 ዑደቱ አንድ ይውሰዱ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሞገዱ ከታች ወደ ላይ ዜሮን የሚያቋርጥበትን ነጥብ ይፈልጉ፤ ኦዳሲቲ ውስጥ ምርጫውን አድርገው ዜድ የሚለውን ፊደል ሲጫኑ ጠርዞቹ ቅርብ ወዳለው ዜሮ ይሳባሉ። ሁሉም በተመሳሳይ አቅጣጫ መጀመራቸውን በዓይን ያረጋግጡ። ማሲንቆ በአንድ ዑደት ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ ዜሮን ሊያቋርጥ ስለሚችል ትልቁ ጉብታ የሚከተለውን ማቋረጫ እንጂ ያገኙትን ሁሉ አይውሰዱ።

አሁን ንቡ። የዑደቱ የመጨረሻ ነጥብና የመጀመሪያው ካልተገናኙ በየዙሩ አንድ ቀጭታ አለ። በ220 ኸርዝ ያ ቀጭታ በሰከንድ 220 ጊዜ ይደጋገማል፤ ያ ደግሞ ራሱ ጩኸት ነው። የመጨረሻዎቹን ከ30 እስከ 40 ነጥቦች ወደ መጀመሪያው ነጥብ ዋጋ ቀስ ብሎ የሚያጎብጥ አጭር ማደባለቂያ ያድርጉ፤ ፕለጊኖቹ ውስጥ ጠርዝን የሚያለሰልስ ትእዛዝ አለ። ከዚያ በፊት ግን ሞገዱ በሙሉ ከዜሮ በላይ ወይም በታች ዘምበል ብሎ እንዳልተቀዳ ይመልከቱና መሐሉን ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ያለበለዚያ ፖዚሽኑ ሲንቀሳቀስ ወፍራም ጉብ ጉብታ ይሰማል። ድምፅ ማመጣጠኑንም በመላው ሠንጠረዥ ላይ አንድ ጊዜ ያድርጉት። በየፍሬሙ ካደረጉት ስበቱ ሲጠነክር የነበረው የድምፅ ዕድገት ይጠፋል።

ይህን ሁሉ አድርገውም ማሲንቆ አይመስልም። የሚደጋገም ዑደት በባሕርዩ ሊይዝ የሚችለው የመነሻውን ሙሉ ብዜቶች ብቻ ነው፤ 220፣ 440፣ 660 እያለ ይሄዳል። የደጋኑ ፀጉር በሙጫው ምክንያት የሚያሰማው ፍግታ፣ ጣት ጅማቱን ሲነካ ያለው ትንሽ ኮሽታ ከብዜቶቹ መካከል ስለሚወድቁ በዑደቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ፍግታውን ከዋናው ቀረጻ ላይ ለብቻው፣ ለምሳሌ ከ2000 ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጠው፣ በፕለጊኑ የሳምፕል (የተቀዳ ድምፅ ማጫወቻ) ክፍል ላይ ይጫኑና ከዌቭቴብሉ ሥር በጣም ዝቅ አድርገው ያጫውቱ። ለውጡ ይገርምዎታል። የቁመት መንሸራተቻውንም ከ60 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ይክፈቱ፤ በማሲንቆ አንድ ጅማት ላይ ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚሄደው በዝላይ አይደለምና።

የእኛ አስተያየት ግን ማሲንቆ የሚፈልግ ሰው ማሲንቆ ተጫዋች ይጥራ የሚል ነው። ከማሲንቆ የተሠራ ዌቭቴብል የሚጠቅመው ማሲንቆ ሊያደርገው ለማይችለው ነው፤ ስድስት ድምፅ በአንድ ላይ ለሚያዝ ሰፊ ጀርባ፣ ወይም ሁለት ኦክታቭ ወርዶ ቤዝ ለመሆን። ክራር በዚህ አሠራር የተሻለ ይወጣል። ሲነካ ብሩህ ሆኖ ላይኛዎቹ ሃርሞኒኮች ቀድመው ይሞታሉ፤ ከንክኪው በኋላ ካለው ጊዜ 20 ዑደቶችን በቅደም ተከተል ወስደው ፖዚሽኑን በኤንቨሎፕ ካስኬዱት ጣት የነካው ክር ይመስላል።

ከሐርቡ

«ለመንዙማ ከሥር የሚሄድ የድምፅ ጀርባ ፈልገን የአንድ ወንድማችንን “አ” የሚል ድምፅ ዌቭቴብል አደረግነው። በተቀዳበት ቁመት ያምራል፤ ወደ ላይ ስንወጣ የሕፃን፣ ወደ ታች ስንወርድ የግዙፍ ሰው ይሆናል። ለምን?»

መልስ፦ ቀረጻችሁ ላይ ምንም ጥፋት የለም። “አ” ን “አ” የሚያሰኘው የአፍና የጉሮሮ ቅርፅ የተወሰኑ ኸርዞችን ማጉላቱ ነው፤ በወንድ ድምፅ አንዱ ጉብታ በግምት 700 ኸርዝ አካባቢ ነው። ሰውየው ቁመት ቢቀይርም ጉብታው እዚያው አካባቢ ይቆያል። ዌቭቴብል ግን ኸርዝ አያውቅም፤ የሚያውቀው ስንተኛው ሃርሞኒክ ምን ያህል ይጮኻል የሚለውን ብቻ ነው። በ150 ኸርዝ ከተቀዳ ጉብታው አምስተኛው ሃርሞኒክ ላይ፣ 750 ኸርዝ ላይ ይወድቃል። በ300 ኸርዝ ስታጫውቱት አምስተኛው 1500 ይሆናል። ይህ የትንሽ ልጅ ጉሮሮም አይደለም፤ የአይጥ ነው።

አንደኛው መንገድ በየ3 ወይም 4 ግማሽ ድምፅ ልዩነት እንደገና መቅዳትና ለእያንዳንዱ የቁልፍ ክልል የራሱን ሠንጠረዥ መስጠት ነው። ሁለተኛው፣ ለጀርባ ድምፅ የሚበቃው፣ የጉሮሮውን ሥራ ከሠንጠረዡ አውጥቶ ለኢኳላይዘር (የተመረጡ ኸርዞችን ከፍና ዝቅ ለሚያደርገው) መስጠት ነው። ሃርሞኒኮቹ ቀስ እያሉ የሚቀንሱ ተራ ሞገድ ይዛችሁ ከኋላው 700 እና 1150 ኸርዝ አካባቢ ከ8 እስከ 10 ዴሲቤል ከፍ የሚያደርጉ ሁለት ጠባብ ጉብታዎች አድርጉ። ቁልፉ የትም ይሁን ጉብታው አይንቀሳቀስም፤ ድምፁም “አ” እንዳለ ይቆያል። ይኸው ምክንያት የማሲንቆውን ሳጥንና ቆዳም ይመለከታል፤ የሐይቁ ጠያቂያችን ይህንንም ይያዙ።

ከኮምቦልቻ

«የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በአርዱይኖ ኡኖ (በትንሽዋ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ዌቭቴብል ኦሲሌተር ሠራሁ። ታችኛዎቹ ድምፆች ከቅኝት ይወጣሉ፤ ላይኛዎቹ ላይ ደግሞ ከሥር የማይገናኝ ጉርምርምታ አለ። ሠንጠረዤ 256 ነጥብ ያለው የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ነው።»

መልስ፦ ጥያቄህ ላይ ኮዱን አልላክህም፤ ምልክቶቹ ግን በቂ ናቸው። የመጀመሪያው ችግር የቦታ መቁጠሪያህ ባለ 16 ቢት ስለሆነ ይመስላል። ኡኖ 16 ሜጋኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 31250 ቁጥር እንዲያወጣ ካደረግኸው ለእያንዳንዱ ቁጥር በትክክል 512 የሰዓት ምት ይደርስሃል፤ ታይመር 1 ላይ ማነጻጸሪያውን 511 አድርገው። በ16 ቢት መቁጠሪያ የምትችለው ትንሹ ልዩነት 31250 ÷ 65536፣ ማለትም 0.48 ኸርዝ ነው። በ55 ኸርዝ ላይ ስህተቱ እስከ 0.24 ኸርዝ ይደርሳል፤ ይህም 7 ሴንት ተኩል ያህል ነው (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው)፤ ከሌላ መሣሪያ ጋር ሲጫወት ጆሮ ይይዘዋል። በ880 ኸርዝ ግን ያው ስህተት አይሰማም። ለዚህ ነው ታችኛዎቹ ብቻ የተበላሹት። መቁጠሪያውን ባለ 32 ቢት አድርገው። ለ440 ኸርዝ የምትደምረው 440 × 4294967296 ÷ 31250 ነው፤ 60473140 ይመጣል። የላይኛዎቹን 8 ቢቶች የሠንጠረዡ አድራሻ አድርገህ አንብብ። ቁጥሩ ሲሞላ ራሱ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ “መጨረሻ ደረሰ ወይ?” የሚል መስመር አያስፈልግህም።

ሁለተኛው ኤልያሲንግ ነው። በ31250 ፍጥነት ልታወጣ የምትችለው ከፍተኛው ድምፅ የዚያ ግማሽ፣ 15625 ኸርዝ ነው። ከዚያ በላይ የሚሄድ ሃርሞኒክ ዝም አይልም፤ ታጥፎ ይመለሳል። 2093 ኸርዝ የሆነውን ላይኛ ዶ ተመልከት። ሰባተኛው ሃርሞኒክ 14651 ስለሆነ ያልፋል፤ ስምንተኛው አያልፍም። አሥራ አምስተኛው 31395 ኸርዝ ነው፤ ታጥፎ በ145 ኸርዝ ይሰማል። ጉርምርምታው እሱ ነው። በቁልፉና በጉርምርምታው መካከል ዝምድና ስለሌለ ቁልፍ ወደ ላይ ስትወጣ እሱ አንዳንዴ ወደ ታች ይሄዳል። ከኋላ ፊልተር ብትጨምርም አይረዳህም፤ ታጥፎ የመጣው ከሚፈለገው ድምፅ ጋር በአንድ ክልል ውስጥ ነው።

መድኃኒቱ የአንዱን ሞገድ ብዙ ቅጂ መያዝ ነው፤ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ሃርሞኒክ ያላቸው ስምንት ቅጂዎች፣ ለእያንዳንዱ ኦክታቭ አንድ። ለ440 ኸርዝ 35 ሃርሞኒክ ይፈቀዳል፤ ስለዚህ ባለ 32ቱን ታነባለህ። ለ2093 ሰባት ይፈቀዳል፤ ባለ 4ቱን። ትልልቆቹ ፕለጊኖችም ይህን ዓይነት ዘዴ ነው የሚጠቀሙት። ዋጋው ማስታወሻ ነው፤ 8 ቅጂ በ256 ባይት 2 ኪሎባይት ይወስዳል። ኡኖ 32 ኪሎባይት ፍላሽ ስላለው 8 ሞገዶችን በ16 ኪሎባይት አስቀምጠህ ለፕሮግራሙ ሰፊ ቦታ ታስቀራለህ። ፓልም ዘንድ የነበረውን 64 ግን አታገኝም፤ 128 ኪሎባይት ይጠይቃል። ሠንጠረዦቹ ፍላሽ ውስጥ ይሁኑ፤ ራሙ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ አንዷ ሞገድ ከነቅጂዎቿ ትሞላዋለች።

በኢንተራፕቱ (ሌላውን ሥራ አቋርጦ ቁጥሩን በሚያወጣው የኮድ ክፍል) ውስጥ ወደ ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚልክ ወይም የሚያቆይ ትእዛዝ እንዳይኖር። የሚሊሰከንድ ቆጣሪው የሚጠቀምበት ታይመር 0ም በየመሐሉ እየገባ ንባብህን ያዘገይብሃል፤ ካላስፈለገህ አጥፋው። ለመውጫው በታይመር 2 ፈጣን ፒደብልዩኤም (ፒኑን በፍጥነት እያበራ እያጠፋ መካከለኛ ቮልቴጅ የሚያስመስል ምት) 62500 ኸርዝ አድርግና 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ወደ መሬት 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር አስገባ፤ መቁረጫው 16000 ኸርዝ አካባቢ ይሆናል። ከዚያ 10 ማይክሮፋራድ በተከታታይ፣ ቀጥሎ 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሾሜትር። ቮልዩሙን ዝቅ አድርገህ ጀምር፤ ከፒኑ የሚወጣው 5 ቮልት ለማጉያ ግቤት ከመጠን በላይ ነው።

ከባቲ

«አንድ ጓደኛዬ በዌቭቴብል አምባሰልና አንቺ ሆዬን በደንብ ማውጣት ይቻላል አለኝ። ድምፁ ቅኝቱን ይቀይረዋል?»

መልስ፦ አይቀይርም። ሠንጠረዡ የድምፁን ጠባይ ይሰጣል፤ ቅኝቱን የሚወስነው የትኛው ቁልፍ ስንት ኸርዝ እንደሚሆን ነው፤ ሁለቱ አይነካኩም። ጓደኛዎ ሊሉ የፈለጉት ግን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሶፍትዌር ሲንተሳይዘሮች የቁልፎቹን ቁመት በፋይል መቀየር ይፈቅዳሉ። ቫይታልና በነፃ የሚገኘው ሰርጅ ኤክስቲ የስካላ ፋይል (ቅኝት የሚጻፍበት ፋይል) ይቀበላሉ።

በፒያኖ ቁልፎች ሲጻፍ ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ይህ አጻጻፍ ለኪቦርድ የተመቸ ግምት ነው። ማሲንቆ የሚይዝ ሰው ሬ ፍላቷን በየራሱ ቦታ ያስቀምጣታል፤ የኪቦርዱ አምባሰል ለጆሮ የሚቆረቁረውም ብዙ ጊዜ በዚህች ድምፅ ነው። ቅኝቱን የሚያምኑበትን ተጫዋች ቀድተው በቱነር (በቅኝት መለኪያ) ይለኩ፤ ከዶ በላይ ስንት ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) እንዳለች ይጻፉ። ለምሳሌ 100 መሆን ሲገባት 85 ላይ ካገኟት፣ በፋይሉ ውስጥ 100.0 የሚለውን በ85.0 ይተኩ።

ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ሁለት ወጥመዶች አሉት። ነጥብ የሌለው ቁጥር ሴንት ተብሎ አይነበብም፤ እንደ ብዜት ይወሰዳል። 85.0 በማለት ፈንታ 85 ብለው ከጻፉ ያቺ ቁልፍ ከዶ 85 እጥፍ ትሆናለች፤ ከጆሮ በላይ ወጥታ ዝም ያለች ይመስላል። ሁለተኛ፣ አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ፋይል አይሥሩ። አምስቱ ድምፆች በተከታታይ ቁልፎች ላይ ይሰፍሩና ኦክታቩ በስድስተኛው ቁልፍ ላይ ይወድቃል፤ እጅዎ የለመደው ሁሉ ይፈርሳል። አሥራ ሁለቱንም ይጻፉ፤ የማያስፈልጉትን እንደነበሩ ይተዉ። ፕለጊን የማይጠቀሙ ከሆነ በብዙ ያማሃና ኮርግ አጃቢ ኪቦርዶች ላይ በየቁልፉ ሴንት የሚቀይር የስኬል ማስተካከያ አለ፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ከደሴ፣ ሌላ ጠያቂ

«ከበሮንስ?»

መልስ፦ ተዉት። የቆዳ ንዝረት ብዜቶች ሙሉ ቁጥር አይደሉም፤ በአንድ ዑደት ውስጥ አይገቡም። ሳምፕል ያድርጉት። ዌቭቴብሉን ለከበሮው የሚጠቀሙበት አንድ ቦታ ቢኖር ከ60 እስከ 80 ኸርዝ ባለ ንጹሕ ሞገድ ሆዱን ማወፈር ነው።

ከኮምቦልቻ፣ ሠርግ የሚሠራ ኪቦርድ ተጫዋች

«ቤት በሄድፎን ያማረ የዌቭቴብል ቤዝ ሠርግ ቤት ሞንታርቦው ላይ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ምት ይመታል፣ አንዳንዱ ባዶ ነው። ላፕቶፑም እየተንተባተበ ነው።»

መልስ፦ ሁለቱም በአብዛኛው የሚመነጩት ከዩኒሰን ነው። ዩኒሰን 7 ሲደረግ ሰባት አንባቢዎች አንዱን ሠንጠረዥ በጥቂቱ በተለያየ ፍጥነት ያነባሉ፤ ፕለጊኑም ለስፋት ግማሹን ወደ ግራ፣ ግማሹን ወደ ቀኝ ይበትናል። የሠርግ ማጉያ ብዙ ጊዜ ሞኖ ነው፤ ግራና ቀኙ ሲደመር አንዱ ሌላውን ያጠፋል። በተጨማሪም ብዙ ፕለጊኖች ከመጀመሪያው የንባቡ መነሻ በዘፈቀደ እንዲሆን ተደርገው ይመጣሉ። ስለዚህ አንዱ ምት ከሞገዱ ጫፍ፣ ሌላው ከዜሮ፣ ሌላው እርስ በርስ ከሚጣፋበት ቦታ ይነሣል። ለቤዝ ዩኒሰኑን 1፣ የመነሻ ፌዝ (የንባብ መነሻ) ዘፈቀዱን 0 ያድርጉ። ስፋት ከፈለጉ ያንኑ ድምፅ በሁለተኛ ኦሲሌተር ኦክታቭ ከፍ አድርገው እሱን ብቻ ይበትኑት፤ ከ120 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ መሐል ላይ ይቆይ። ከቤት ሳይወጡ ማስተሩን (ጠቅላላ መውጫውን) ሞኖ አድርገው ይስሙት።

የመንተባተቡ ስሌት ይኸውና። ሁለት ኦሲሌተር፣ ዩኒሰን 7፣ ስምንት ቁልፍ ሲያዝ 112 አንባቢዎች ናቸው፤ በሰከንድ ወደ 5 ሚሊዮን ንባብ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ንባብ ደግሞ ከሁለት ፍሬም ሁለት ሁለት ነጥብ፣ በድምሩ አራት ይወሰዳል። ያረጀ ላፕቶፕ ይህን ከኤፌክቶች ጋር አይሸከምም። ባፈሩን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀመውን የነጥብ ብዛት) ከ128 ወደ 256 ካሳደጉት መዘግየቱ ከ2.9 ወደ 5.8 ሚሊሰከንድ ይሄዳል፤ ለእጅ አይሰማም። 512 ላይ 11.6 ይደርሳል፤ ፈጣን የእስክስታ ምት ላይ ይታወቃል። በባትሪ ሲሠራ ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ስለሚያዘገየው የኃይል ምርጫውን ወደ ከፍተኛ አፈጻጸም ይቀይሩ። መብራት ሲሄድና ጄነሬተር እስኪነሣ ባለው ጊዜ የሚንተባተበው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሁሌም የሚጠቀሙባቸውን ሁለትና ሦስት ድምፆች ደግሞ በየ3 ግማሽ ድምፅ ቀድተው ሳምፕል ያድርጓቸው፤ መድረክ ላይ ፖዚሽኑን በእጅ የማያንቀሳቅሱ ከሆነ ላፕቶፑን በስሌት ማስጨነቁ ጥቅም የለውም።